ከኩሽና ካለ ነገር ከልጆች ጋር ተክል ማብቀል፦ ከየቱ ልጀምር?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ 8 ዓመቷ ነው ትንሹ 4። ትምህርት ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፣ እና እጃቸውን የሚያስይዝ ነገር ስፈልግ ለምን እዚሁ ኩሽና ካለው ነገር አናበቅልም አልኩ። ግቢ ምናምን የለንም፣ ያለን ጠዋት ጠዋት ደህና ፀሐይ የሚገባበት አንድ መስኮት ነው። ልጅቷ አቮካዶ ካልሆነ ብላ ፍሬውን አጥባ አስቀምጣለች፣ ልጁ ደግሞ የካሮት አናት ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ሌላ ካሮት ይሆናል ብሎ ነው የሚያስበው፣ እኔም እርግጠኛ ስላልሆንኩ አዎም አይደለምም አላልኩትም።

እስቲ የሞከራችሁ ንገሩኝ። በተለይ ለትንሹ ቶሎ የሚታይ ነገር ነው የምፈልገው፣ ምንም ለውጥ ሳያይ ሳምንት ሙሉ የሚጠብቅ ልጅ አይደለም። ሌላው፣ ከገበያ የተገዛ ሁሉ ይበቅላል ወይስ የማይበቅልም አለ? ድንች እንዳያቆጠቁጥ መድሃኒት ይደረግበታል ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ ልጁ ያገኘውን ወደ አፉ ስለሚከት መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር ካለ እንዳትደብቁኝ። አመሰግናለሁ።

መስኮት ላይ፦

እህቴ በቦሎቄ ጀምሪ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦሎቄ የሚሻል ነገር ያለ አይመስለኝም።

ደረቅ ቦሎቄ ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት አብጦ ቆዳው ተወጥሮ ታገኙታላችሁ፣ አንዱን ሳትዘፈዝፉ አስቀምጡና ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያወዳድሩ። ከዛ ጥርት ያለ ብርጭቆ ውሰዱና ሶፍት ወይም ጥጥ ሙሉበት፣ ቦሎቄውን ግን መሀል ላይ እንዳትቀብሩት፣ በብርጭቆውና በሶፍቱ መካከል ሸጉጡት፣ ከውጭ እንዲታይ። ለልጅ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አፈር ውስጥ ከተቀበረ ልጁ ሳምንቱን ሙሉ የሚያየው አፈር ነው፣ ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ከሆነ ግን የሚሆነው ሁሉ አይኑ ስር ነው የሚሆነው። ውሃ ደግሞ አታብዙ። ከታች 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ቢኖር ይበቃል፣ ሶፍቱ ራሱ ወደ ላይ ይስበዋል። ዘር ይተነፍሳል፣ ቦሎቄው ውሃ ውስጥ ሰምጦ ከዋለ ካደረ አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ ብዙ ሰው ቦሎቄዬ ሸተተ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃን እስኪያቆጠቁጥ ድረስ አያስፈልገውም፣ የሚፈልገው ሙቀትና እርጥበት ነው።

ቤቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ባለው ቀን ነጭ ስር ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚወጣው ስር ነው፣ ይሄንን ግን ቀድመሽ አትንገሪያቸው፣ መጀመሪያ ምን የሚወጣ ይመስላችኋል ብለሽ ጠይቂያቸውና ይገምቱ፣ አብዛኛው ልጅ ቅጠል ነው የሚለው። ስሩ ትንሽ ሲረዝም ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ከጫፉ ከፍ ብሎ በጣም ቀጫጭን ነጭ ጸጉሮች አሉ፣ ተክሉ ውሃ የሚጠጣው በአብዛኛው በነሱ በኩል ነው፣ አጉሊ መነጽር ካለ አሁን ነው ጊዜው፣ ከሌለም የስልኩ ካሜራ አቅርቦ ያሳያል። ከዛ ግንዱ አንገቱን ደፍቶ ጎብጦ ይነሳል። ጎብጦ የሚወጣው አፈር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ለጋው ጫፍ ሳይሆን ጉብጠቱ አፈሩን እየገፋ ስለሚወጣ ነው፣ ለጋው ከኋላ እየተጎተተ ሳይጎዳ ይወጣል ማለት ነው። ቀና ሲል ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ነው ቀና የሚለው። ክኮቹ ቀን በቀን እየኮሰመኑ ይሄዳሉ፣ ምክንያቱም ተክሉ የራሱን ቅጠል እስኪያወጣ የሚበላው እነሱን ነው። ልጆቹ ይሄን ሲያዩ ቦሎቄ ለምን ምግብ እንደሚሆነንም አብሮ ይገባቸዋል።

ለትንሹ ደግሞ ድፍን ምስር እርጥብ ጥጥ ላይ በትኑለት፣ በ2 ቀን ገደማ ጎንቁሎ ያያል። ከዛም የሚፈጥን ከፈለግሽ ባሮ ሽንኩርት ነው። ከስሩ በኩል 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡና ስሩን ብቻ ውሃ ውስጥ አቁሙት። በነጋታው መሀሉ ወደ ላይ ተገፍቶ ታያላችሁ፣ የምሬን ነው በነጋታው። ብርጭቆው ላይ በማርከር መስመር እያሰመረ ይከታተለው፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ መቀየርም የሱ ስራ ይሁን።

ክፍል አምስት፦

የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፣ ያልተነኩትን ልጨምር።

ካሮቱ ሌላ ካሮት አያወጣም። የምንበላው ካሮት ዋና ስሩ ነው፣ አናቱ ላይ ያለው ደግሞ አጭር ግንድና የቅጠል እምቡጥ ነው። እምቡጡ በሳህን ትንሽ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ በሳምንት ውስጥ የሚያምር ለምለም ቅጠል ያወጣል፣ ቀጫጭን ስርም ሊሰድ ይችላል፣ የተቆረጠው ወፍራም ስር ግን ተመልሶ አይሰራም። አፈር ላይ ቢተከልና ቢመቸው ግን ሌላ ነገር ያሳያችኋል፣ ካሮት የሁለት ዓመት ተክል ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት ስሩ ውስጥ ስንቅ ያከማቻል፣ በሁለተኛው በዛ ስንቅ አበባና ዘር ያወጣል፣ ስለዚህ የተተከለው አናት ነጭ ጃንጥላ የሚመስል አበባ ሊሰጣችሁ ይችላል። ለልጁ ይሄንኑ አሁኑኑ ንገሪው። አንዳንድ ወላጅ ልቡ እንዳይሰበር ብሎ ዝም ይላል፣ እኔ ግን የ4 ዓመት ልጅ እውነቱን ሰምቶ ቅጠሉን በደስታ መጠበቅ ይችላል ብዬ አምናለሁ፣ የማይመጣ ነገር ጠብቆ ጠብቆ ሲቀር ነው ሁለተኛ አልተክልም የሚለው።

ሁሉም ይበቅላል ወይ ላልሽው፣ ይሄ ለልጅቷ ምርጥ ምርምር ነው፣ አንቺ ከምትመልሺላት እሷ ራሷ ትድረስበት። አምስት ሳህን ላይ እርጥብ ሶፍት አንጥፉና አንዱ ላይ ድፍን ምስር፣ አንዱ ላይ የምስር ክክ፣ አንዱ ላይ ጥሬ ሽምብራ፣ አንዱ ላይ የተቆላ ሽምብራ፣ አንዱ ላይ ነጭ ሩዝ፣ እኩል እኩል 10 ፍሬ አድርጉ። መጀመሪያ ግምቷን ትጻፍ፣ ከዛ በየቀኑ ስንት እንደበቀለ ትቁጠር። ጥሬዎቹ ድፍኖች ይበቅላሉ። ክኩ አይበቅልም ምክንያቱም የወደፊቱ ተክል የተቀመጠው ሁለቱ ክኮች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው፣ ሲከካ እሱ ይጎዳል ወይም ይረግፋል (የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ቆዳውን ገፋችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ እዛ ጥግ ላይ ሁለት የታጠፉ ትንንሽ ቅጠሎች ያሉት ጥቃቅን ተክል ተኝቶ በአይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ይሄን ሳታሳያቸው እንዳታልፊ)። የተቆላው በሙቀቱ ሞቷል። ነጩ ሩዝ ደግሞ ሲፈተግ ገለባውና የውጭ ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ጽንሱም ተነስቷል፣ የቀረው ስታርች ነው። አንድ ሳህን ላይ ምንም አለመብቀሉ ራሱ መልስ ነው፣ ልጅቷ ለምን ብላ እንድትጠይቅ ጊዜ ስጫት እንጂ ቶሎ አታስረጃት።

ሌላ የምወደው፣ የቦሎቄው ስር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ውሃውን አፍስሳችሁ እርጥብ ሶፍቱ እንዳለ ብርጭቆውን በጎኑ አስተኙት። በአንድ ቀን ውስጥ የስሩ ጫፍ ታጥፎ ወደ ታች ይዞራል፣ ግንዱ ወደ ላይ። ስሩ ጫፍ ላይ ያሉ ሴሎች ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፣ ብርጭቆው ሲተኛ ቅንጣቶቹ ወደ አዲሱ ታች ይወርዳሉ፣ ስሩ ታች የት እንደሆነ የሚያውቀው በዛ ነው። እንደገና ብታዞሩት እንደገና ይታጠፋል።

ተክል ወደ ብርሃን መዞሩን ደግሞ በጫማ ካርቶን ማየት ይቻላል፣ በአንድ ጎኑ ቀዳዳ አብጁና የበቀለውን ውስጥ አስቀምጣችሁ ክደኑት፣ ወደ ቀዳዳው ያዘነብላል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ይሄንን ነገር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1880 አሳትሟል፣ የሳር ቡቃያ ጫፍን ብርሃን በማያስገባ ትንሽ ቆብ ሲሸፍኑት ወደ ብርሃኑ መታጠፉን አቆመ፣ ታችኛው ክፍል ሲሸፈን ግን መታጠፉን ቀጠለ፣ ስለዚህ ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ ነው አሉ። ጫፉ ወደ ታች የሚልከው ነገር ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ልጅቷ በፎይል ትንሽ ቆብ ሰርታ በበቀለ ስንዴ ላይ ልትሞክረው ትችላለች፣ በቦሎቄ ያስቸግራል።

ነርስም እናትም፦

እኔ የጥንቃቄውን ልጻፍ ምክንያቱም ከላይ ማንም አላነሳውም እና የ4 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ አለ።

አንደኛ ነገር ደረቅ ቦሎቄ፣ ሽምብራ፣ አተር ትንንሽ ልጆች አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል፣ ሲውጡትም ሊያንቃቸው ይችላል። ስለዚህ ለልጁ ቆጥረሽ ስጪው ሲጨርስ ቆጥረሽ ተቀበዪው፣ አጠገቡ ሳትኖሪ አይስራ። ምናልባት ጆሮው ውስጥ ቢገባ ውሃ እንዳታደርጊበት፣ ሲዘፈዘፍ እንዳያችሁት እዛም ውስጥ ያብጣል፣ በወረንጦም አትጎርጉሪ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ፣ በቀጥታ ጤና ተቋም ይዘሽው ሂጂ። አፍንጫም እንደዛው።

ሁለተኛ ጥሬ ቦሎቄ በተለይ ቀዩ መርዛማ ሌክቲን አለው፣ 4 ወይም 5 ጥሬ ፍሬ እንኳን ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ተዘፍዝፎ በደንብ ሲፈላ ነው የሚጠፋው። የበቀለውም ጥሬውን አይበላም። ድንችም አረንጓዴ የሆነው፣ ጎንቁሉ፣ ቅጠሉ፣ አበባው ካለፈ በኋላ የሚያወጣው ትንሽ ቲማቲም የሚመስል ፍሬ፣ እነዚህ ሁሉ ሶላኒን የሚባል መርዝ አላቸው፣ መቀቀልም አያጠፋውም። የቲማቲም ቅጠልም ለልጅ አፍ አይሁን።

ሶስተኛ፣ የበቀለውን ምስር እንብላው ማለታቸው አይቀርም። ለልጆች በደንብ አብስለሽ ብቻ ስጪ። ዘር የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም ይመቸዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከበቀለ አብሽ ጋር በተያያዘ የኢኮላይ ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል፣ እና ያ ለምግብ ተብሎ የበቀለ ነበር። ጥጥ ላይ ቀናት የቆየ፣ በልጅ እጅ የተነካካ፣ የሻገተ ከሆነ ግን አትሞክሩት ጣሉት፣ ወይም አፈር ላይ ትከሉት።

የሚጥሚጣ ወይም የቃሪያ ፍሬ የምትዘሩ ከሆነ አንቺ ያዢው፣ ልጅ በዛ እጁ አይኑን ያሻል። ክፍት ውሃ መስኮት ላይ ሳይቀየር ከሳምንት በላይ እንዳይቆይ ደግሞ፣ ለወባ ትንኝም ለሌላ ትንኝም መራቢያ ይሆናል። ከዚህ ውጪ እጃቸውን ይታጠቡ እንጂ በአፈርና በውሃ መጨማለቃቸው ምንም አይደለም፣ ተዪያቸው ይጨማለቁ።

የጓሮ አባት፦

ልጄ እኔ የአቮካዶውንና የድንቹን ልንገርሽ፣ የልጅ ልጆቼ ጋር የማሳልፈው ጊዜ ሁሉ በዚህ ነው።

አቮካዶው ይበቅላል ግን ልጅቷ መታገሷን እወቂ። ሰፊው ወገን ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ነው። ወገቡ ላይ ሶስት የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ሰክታችሁ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት፣ ከታች ያለው ሲሶው ብቻ ውሃ ይንካው (እንጨቱን አንቺ ሰኪ)። ከ2 እስከ 8 ሳምንት ምንም ላይታይ ይችላል፣ ከዛ ፍሬው ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ ስር ይወርዳል፣ በኋላ ግንድ ይነሳል። ግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግማሹን ቁረጡት፣ ልጅቷ ታለቅሳለች ግን ቅርንጫፍ የሚያወጣው እንደዛ ሲሆን ነው። ከዛ ከታች የተበሳ ዕቃ ውስጥ አፈር ላይ ትከሉት። ሁለትና ሶስት ፍሬ በአንዴ ጀምሩ፣ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው አለ።

ስለ ፍሬው ግን ቁርጡን ንገሪያት። ከዘር የተተከለ አቮካዶ 5 ዓመት ሳይሞላው ብዙም ፍሬ አይጠበቅበትም፣ 10 ዓመትና ከዛ በላይ የሚፈጅም አለ፣ ፍሬውም የእናቱን ላይመስል ይችላል፣ ለዚህ ነው ገበሬ ግራፍት የተደረገ (ከተመረጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተጣበቀበት) ችግኝ የሚተክለው። እንደዛም ሆኖ ይሄን ታሪክ ንገሪያት፦ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖስታ የሚያድል ሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተከላት አንዲት ዘር በቀለች፣ ግራፍት ሊያደርግባት ሞክሮ አልያዘም፣ ሊቆርጣት ነበር ይባላል፣ በኋላ ልጆቹ ፍሬዋን ቀምሰው ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ1935 በስሙ ፓተንት (የባለቤትነት መብት) አወጣባት። ዛሬ በዓለም ላይ ሃስ የሚባለው አቮካዶ ሁሉ፣ ያ ሲበስል ጥቁር የሚሆነው፣ የዛችው አንዲት ዛፍ ቅንጣቢ ነው፣ እናት ዛፏ የደረቀችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ስለዚህ ልጅቷ የምትተክለው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ አቮካዶ ነው፣ ይሄ ውሸት አይደለም ልጄ።

ድንቹ ላይ የሰማሽው እውነት ነው፣ መጋዘን ውስጥ እንዳያቆጠቁጥ የሚታከም አለ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ እዛው ቤታችሁ ራሱ ማቆጥቆጥ የጀመረውን ምረጡ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ዓይን እንዲኖር አድርገሽ ቁረጪ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን ተዪው፣ ከታች የተበሳ ባልዲ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ቅበሩት። ቅጠሉ ሲረዝም አፈር ጨምሩበት፣ አዲሱ ድንች የሚያዘው ከተተከለው በላይ ባለው የተቀበረ ግንድ ላይ ነው። ከ3 እስከ 4 ወር፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ባልዲውን መሬት ላይ ገልብጡትና ልጆቹ በእጃቸው እየፈለጉ ይልቀሙ። እኔ ከዚህ ሁሉ ልጆች የሚጮሁበት ይሄ ነው። ሲፈልጉ ታያለሽ፣ አንድ አውራ ጣት የምታክል ድንች አፈር ውስጥ ነክተው ሲያወጧት!

ስኳር ድንች ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ስር ነው ድንች ግን ግንድ ነው። ስኳር ድንቹን ግማሹን ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ መስኮቱን የሚሸፍን ሐረግ ያወጣል፣ ቅጠሉም በስሎ ይበላል፣ የድንች ቅጠል ግን እንደተባለው አይበላም፣ እንዳይምታታባችሁ። ነጭ ሽንኩርት ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንድ አንድ ፍሬውን 3 ሴንቲ ሜትር ቅበሩ፣ ቅጠሉን እየቀነጠባችሁ ወጥ ላይ ጨምሩ፣ ራሱን እንዲያስር ግን ብርድ ስለሚፈልግ መስኮት ላይ አትጠብቁ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ እርስዎንም በተለይ፣ የሃስን ታሪክ ለልጅቷ ሳነብላት ፍሬዋን ይዛ ስም ልታወጣላት ነው። ለልጁም የካሮቱን ነገርኩት፣ እሺ ቅጠሉን ለማን እንሰጣለን አለ በቃ። ምስሩ ጎንቁሏል፣ የአስተማሪውን አምስት ሳህን ትናንት ደርድረናል፣ ቆጠራውን ልጅቷ ይዛዋለች ለማንም አታስነካም።

አንድ የቀረኝ፣ ቦሎቄው ካደገ በኋላ እዛው ብርጭቆ ውስጥ ይቆያል ወይስ አፈር ይፈልጋል? ሲነቀል ይሞታል ብሎ ልጁ እንዳይነካ ከልክሎናል። ንብ በሌለበት መስኮት ላይስ ፍሬ ይይዛል?

መስኮት ላይ፦

አፈር ይፈልጋል፣ ክኮቹ ካለቁ በኋላ ሶፍቱ ላይ የሚበላው ነገር የለም። ሁለቱ እውነተኛ ቅጠሎች ሲዘረጉ አዛውሩት። ስሩ ሶፍቱ ውስጥ ከተጠላለፈ እንዳትጎትቱ፣ ከነሶፍቱ ቅበሩት አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ልጁ ሲይዘው ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ይያዝ፣ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል ግንዱ ከተሰበረ ግን አለቀ። ለልጁ እንደዛ ብለሽ አስረጂውና ራሱ ይትከለው።

ንብ አያስፈልገውም፣ የቦሎቄ አበባ ሳይከፈት በፊት እዛው ውስጡ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ስለዚህ መስኮት ላይም ይይዛል፣ ፀሐዩ ካነሰው ግን ትንሽ ነው የሚይዘው። 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ይበቃዋል፣ ከሁለት ወር አካባቢ በኋላ ለጋ ፍሬ መጠበቅ ትችያለሽ። ሐረግ የሚጥል ዓይነት ከሆነ ከላይ ክር አስሩለት፣ እና ልጆቹ ሲጠመጠም ወዴት እንደሚዞር ይዩት፣ ከላይ ሲታይ ሁሌም ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። በሌላው አቅጣጫ ብትጠመጥሙት ተፈቶ በራሱ መንገድ ይዞራል፣ ሞክሩት።